ባለ ሦስት ኢንቹ የቤንዚን ውሃ ሞተር በፎገራ ሜዳ፦ ለመስኖ ተገዝቶ ረግረግ የሚያደርቅ መሣሪያ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በባሕር ዳር የእርሻ መሣሪያና የመለዋወጫ መደብሮች በብዛት የሚሸጠውን፣ በወረታ ገበያም የማይታጣውን ባለ ሦስት ኢንች የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። የምርት ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚታዩት ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ቢጫውም ከቀለማቸውና ከተለጠፈባቸው ስም በቀር በአሠራር እምብዛም አይለያዩም። ሁሉም አንድ ሲሊንደር ያለው፣ ከ5.5 እስከ 7 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ባለ አራት ምት ሞተር ከአሉሚኒየም የፓምፕ ቤት ጋር የተገጠመላቸው ናቸው። እኔና ወንድሜ ከወረታ ወደ ጣና ሐይቅ በሚወርደው በፎገራ ሜዳ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ስለምናለማ፣ መሣሪያውን ከወንዝም ከረግረግም ውሃ ስበንበታል። መሣሪያው ለዋጋው ጥሩ ነው። ረግረግ ዳር ሲተከል ግን ገዢው ያላሰበውን ሁለተኛ ሥራ ይሠራል፤ ያም ሥራ አውሮፓውያን ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ባለሀብትና መሐንዲስ አሰልፈው ሲሠሩት የኖሩት፣ ረግረግን አጠንፍፎ ወደ እርሻ የመለወጥ ሥራ ነው። ሻጮች ይህን አይነግሩንም፤ እኛም አንጠይቃቸውም።

በመጀመሪያ ስለ አቅሙ። በካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥር ያጓጓል፦ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ውሃ፣ እስከ 8 ሜትር የሚደርስ የመሳብ ጥልቀት፣ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ የመግፋት ከፍታ። እነዚህ ቁጥሮች ግን የሚሠሩት በባሕር ጠለል አካባቢ፣ በአጭር ቱቦና በንጹሕ ውሃ ነው። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የፎገራ ሜዳም ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ካርቡራተር ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው አብሮት የለም። የመሳብ አቅሙም እንዲሁ ይቀንሳል። ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ የሚያመጣው የአየር ግፊት ከታች እየገፋለት ስለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ አገሮች ከ10 ሜትር በላይ የውሃ ዓምድ ሊያቆም የሚችለው ግፊት በእኛ ከፍታ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ከዚህም ላይ በቱቦውና በመገጣጠሚያዎቹ የሚባክነው ሲቀነስ፣ በተግባር ከ5 ሜትር ለሚጠልቅ ውሃ ይህን መሣሪያ መግዛት አያዋጣም። እኛ በበርሜል ስንለካው በሰዓት ወደ 40 ሜትር ኩብ ሰጥቶናል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል በ18 ሰከንድ ገደማ ይሞላል ማለት ነው። የቤንዚን ፍጆታው በሰዓት ከአንድ ሊትር ትንሽ ከፍ ይላል። ካርቶኑ ከሚለው አንድ ሦስተኛ ያነሰ ቢሆንም፣ ቀድሞ በባልዲ ሲያጠጣ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከመሳቢያ ቱቦው ጫፍ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚሰጠው የፕላስቲክ ወንፊት ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ፣ አካሉም ስስ በመሆኑ ለእኛ ውሃ አልተሠራም። እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው) ከሰሜንና ከምሥራቅ ዳርቻው ውሃ የሚስብ ሁሉ የእምቦጩን ሥር ከወንፊቱ ላይ ሲለቅም መዋል ልማዱ ሆኗል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የቱቦውን ጫፍ በቅርጫት ወይም በድንች ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ከወለሉ ከፍ አድርጎ ማሰር። ከርብ ወንዝ ለሚስብ ሰው ደግሞ ሌላ ጠላት አለው፤ የርብ አሸዋ የፓምፑን ተሽከርካሪ ምላስ ቀስ በቀስ ይሞርደዋል፣ ሞተሩ ሳይደክም ውሃው ይቀንሳል፣ ባለቤቱም ካንዴላውንና ካርቡራተሩን በከንቱ ሲያስፈትሽ ይከርማል።

አሁን ወደ ረግረጉ ልምጣ። አንድ ሄክታር ስፋትና በአማካይ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 5000 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህን በሰዓት 40 ሜትር ኩብ በሚሰጥ ሞተር አውጥቶ ለመጨረስ 125 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊትር ቤንዚን ይፈጃል፤ ውሃው ተመልሶ እንዳይገባም ዙሪያውን በአፈር መከተር ያስፈልጋል። በቤንዚን ወረፋ የተማረረ ገበሬ ይህን ሁሉ አውጥቶ ኩሬ አያደርቅም ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል፤ ሆን ብሎ በሞተር ብቻ የሚያደርቅም ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሽንኩርት በአንድ የእድገት ወቅት ከ350 እስከ 550 ሚሊ ሜትር ውሃ እንደሚፈልግ ያስቀምጣል፤ ይህም በሄክታር ከ3500 እስከ 5500 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ አንድ ሄክታር ሽንኩርት ግማሽ ሜትር ጥልቀት ካለው ኩሬ አንድ ሄክታር ገደማ ይጠጣል፤ በቦይ የሚባክነው ሳይቆጠር። ኩሬውን ለማድረቅ የወሰነ ሰው ሳይኖር ኩሬው ይደርቃል፤ የማድረቂያው ወጪም በሽንኩርቱ ሽያጭ ስለሚሸፈን ማንም አይሰማውም።

ፀሐይስ ብትሆን አታደርቀውም ወይ የሚል ይኖራል። ከጣና ወለል ላይ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ እንደሚተን ስለሚታወቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፀሐይ የምትወስደው ግን ድሮም ነበረ፤ ሞተሩ የሚወስደው በእሱ ላይ የሚደመር ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የሚታየው ኩሬው በሚደርቅበት ወር ላይ ነው። እስከ ሚያዝያና ግንቦት ውሃ ይዞ ከብት ሲያጠጣ የነበረው ቦታ በጥር ከተሰነጠቀ፣ የተሰነጠቀውን መሬት የሚያርስ ሰው በየካቲት አይጠፋም፤ አንዴ የታረሰ መሬት ደግሞ ባለቤት አለው።

የዚህን መሣሪያ የዘር ሐረግ ማወቅ ለገዢው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። በምሥራቅ እንግሊዝ ፌንስ የሚባለው ሰፊ ዝቅተኛ አገር እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ድረስ ክረምት በውሃ የሚሸፈን፣ በጋ የጋራ ግጦሽ የሚሆን ረግረግ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ዓሣ በማጥመድ፣ የውሃ ወፍ በማደን፣ ሸምበቆ በማጨድና ከብት በማገድ ይተዳደሩ ነበር። በ1630ዎቹ መጀመሪያ የቤድፎርድ አራተኛው ኧርል ፍራንሲስ ራስል ገንዘባቸውን ለሥራው ከሚያውሉ ባለሀብቶች ጋር ተዋውሎ የደቹን መሐንዲስ ኮርኔሊስ ቬርማውደንን አሠማራ። ለባለሀብቶቹ ድካም የተመደበው ዋጋ ከሚደርቀው መሬት ላይ 95000 ኤከር፣ ማለትም 38000 ሄክታር ያህል ነበር፤ ከዚያም 12000 ኤከር ለንጉሡ ለቀዳማዊ ቻርልስ ድርሻ ተያዘ። በ1637 ላይ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጥ ያለ ቦይ ተቆፍሮ ተጠናቀቀ፤ በ1651 ደግሞ ጎን ለጎን ሁለተኛው ተከፈተ፤ ለዚህኛው ቁፋሮ በደንባር ጦርነት የተማረኩ ስኮትላንዳውያን ጭምር ተሠማርተውበታል። የጋራ ግጦሻቸውንና ዓሣቸውን ያጡት ነዋሪዎች ቦዩን በሌሊት እየደፈኑ፣ ክትሩን እየናዱ ለዓመታት ተቃውመዋል። በመጨረሻ ግን መሬቱ ተከልሎ የጥቂቶች ሆነ።

እዚህ ላይ ገንዘብ ያወጡትም ያላሰቡት ነገር መጣ። የፌንስ አፈር በአብዛኛው ከበሰበሰ ዕፅዋት ለሺህ ዓመታት የተከማቸ ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃው ሲወጣለት ይኮማተራል፣ አየር ሲያገኘው ደግሞ እየነደደ ያለ ያህል ይጠፋል። መሬቱ ሲሰጥም ቦዮቹና ወንዞቹ ከማሳው በላይ ቀሩ፤ ቀድሞ በራሱ ቁልቁል ይወርድ የነበረው ውሃ በነፋስ ወፍጮ እየተነሣ መጣል ግድ ሆነ። ወፍጮው ሲያነሣ መሬቱ ይበልጥ ሰጠመ፤ ከ1820ዎቹ ጀምሮ የእንፋሎት ሞተር ተተካ፤ እሱም ሲያነሣ መሬቱ ይበልጥ ሰጠመ። በ1851 በቆላማው እንግሊዝ ትልቁ የነበረው ዊትልሲ ሚር የተባለው ሐይቅ ሲደርቅ ሥራውን ያፋጠነው ጆን አፖልድ የሠራው ፓምፕ ነበር፤ ይኸው ፓምፕ በዚያው ዓመት በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ታይቷል። ፓምፑ ውሃን በጎበጡ ምላሶች እያሽከረከረ ወደ ውጭ የሚወረውር ነው፤ የእኛ ባለ ሦስት ኢንች ሞተር የፓምፕ ቤትም ተፈትቶ ሲታይ ውስጡ ያለው ይኸው ዘዴ ነው። በዚያው ሥፍራ ጫፉ ከመሬት እኩል ሆኖ የተቀበረ የብረት ምሰሶ ዛሬ አራት ሜትር ያህል ወጥቶ ይታያል። ምሰሶው ግን ከተተከለበት አልተነቃነቀም።

ሆላንዶች በዚህ ሥራ የበለጠ ልምድ አላቸው። የአምስተርዳም ነጋዴዎች ገንዘብ ያወጡበት፣ ያን ሌክዋተር የተሳተፈበት የቤምስተር ሐይቅ ከአርባ በላይ የነፋስ ወፍጮዎች ተራ በተራ እየተቀባበሉ ካነሡት በኋላ በ1612 ደርቆ ወደ ሰባት ሺህ ሄክታር የሚሆን እርሻ ሰጠ። የሃርሌመርሜርን 18000 ሄክታር ደግሞ ሦስት ግዙፍ የእንፋሎት ሞተሮች በ1852 አጠናቀቁት፤ ዛሬ የስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በዚያ ሐይቅ ወለል ላይ ነው። ከማሽኖቹ ይልቅ የእኔን ትኩረት የሚስበው ግን ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያቋቋሟቸው የውሃ ቦርዶች ናቸው። ውሃው በየወቅቱ ምን ያህል ከፍታ ላይ መቆም እንዳለበት የሚወስነው ቦርዱ ነው፤ ባለማሳው ይከፍላል፣ ክትሩን ይጠግናል፣ ብቻውን ተነሥቶ ግን ፓምፕ አይተክልም። እኛም ከወንዝ ጠለፋ በሚገኝ ባህላዊ መስኖ ላይ ተራ የሚያደላድል፣ የሚገሥጽና የሚያስታርቅ የውሃ አባት አለን። ሞተሩ ግን በውሃ አባት በኩል አያልፍም። ገመዱን የሳበ ሁሉ ለራሱ ወረፋ የለሽ ነው። መሣሪያው ተንቀሳቃሽ፣ ርካሽና የግል መሆኑ ሻጮች የሚያወድሱት ባሕርይ ነው፤ ከረግረግ አንጻር ሲታይ ግን ዋናው ጉድለቱ እዚያው ላይ ነው።

የፌንስን ታሪክ ግን እንዳለ ወደ ፎገራ ማምጣት ትክክል አይሆንም። የእኛ ሜዳ አፈር ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል እያመጡ ያነጠፉት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እግር ይይዛል እንጂ በአየር አይጠፋም። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ምሰሶ ወጥቶ የሚታይበት አገር አንሆንም። የሚመሳሰለው ነገሮቹ የሚመጡበት ቅደም ተከተል ነው፦ አስቀድሞ የጋራ የነበረ ውሃና ሣር፣ ቀጥሎ ውሃ ማውረጃ ፈሰስና ክትር፣ ቀጥሎ ፓምፕ፣ በመጨረሻም የግል ማሳ።

የፎገራ ሜዳ ከሩዝ በፊት በዋናነት የከብት አገር ነበር። በስሙ የሚጠራው የፎገራ ዝርያ ረግረጉን ለምዶ የኖረ ከብት ነው፤ ዛሬ ንጹሕ ዝርያውን ለማቆየት የሚሠራው በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ነው። ሩዝ በአካባቢው በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ከተሞከረ በኋላ ቀስ በቀስ ገበሬው ወሰደው፤ ለረጅም ጊዜ ሜዳውን የሞላው ዝርያም ኤክስ ጅግና የሚል ስም ይዞ የቀረው ከጅግና ቀበሌ ነው። በእኔ ግምት ሩዝ ከአውሮፓውያኑ መንገድ የተሻለ ብልሃት ነበረው፤ ውሃውን ከማባረር ይልቅ በውሃው ውስጥ መብቀልን መረጠ። የግጦሹ መሬት ግን ያኔም ወደ ማሳ መለወጡ አልቀረም። የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ለአራሹ የመጠቀም መብት ሰጠ፤ የጋራ ግጦሽና ረግረግ ግን በየደብተሩ ስም ያልተጻፈበት ቦታ በመሆኑ አዲስ ጎጆ ለሚወጣ ወጣት የመጀመሪያው አማራጭ ሆኖ ቆየ። ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ ደግሞ ሞተሩ ይመጣል፤ እርጥበቱ ባልጠፋው ማሳ ላይ ሽንኩርት ይተከላል፣ ውሃውም ከቅርቡ ኩሬ ይሳባል። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ሞተሩ ሲንደቀደቅ ቆመው አይተው «ልጄ፣ ይቺ ስንት ላም ታጠጣለች?» አሉኝ። «አባቴ፣ ይቺስ ለሽንኩርት ናት» ብላቸው «እሱንማ እያየሁ ነው» ብለውኝ ሄዱ።

ሸሸርና ወለላ የሚባሉት የፎገራ ኩሬዎች ለዚህ ዋናው ማስረጃ ናቸው። ሁለቱም ክረምት ላይ ከርብና ከሜዳው ጎርፍ የሚሞሉ፣ በበጋ ከሰሜን የሚመጡ የውሃ ወፎች የሚከርሙባቸው፣ አምባዛ የሚባለው ዓሣ እየወጣ እንቁላሉን የሚጥልባቸው ሰፋፊ ውሃዎች ነበሩ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት የሸሸር አብዛኛው ስፋት ጠፍቷል፤ ወለላም በእጅጉ ጠቧል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጎርፍ ለመከላከል በወንዙ ዳር የተሠራው ክትር ውሃው ወደ ኩሬዎቹ እንዳይሻገር አድርጓል፤ ገበሬውም ክረምቱ ሲያልቅ ፈሰስ እየቀደደ ቀሪውን ወደ ታች ይለቃል፤ የተረፈውን ደግሞ ለመስኖ በሞተር ይስባል። ሞተሩ ብቻውን ይህን አልሠራም፤ ፈሰስ የጀመረውን ይጨርሳል እንጂ። ፈሰስ የሚያወርደው ከሱ ከፍ ያለውን ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ ድሮ ከኩሬው መካከል የሚቀረው ጥልቅ ውሃ ለከብትና ለዓሣ መጠባበቂያ ነበር። ፓምፕ የሚደርሰው እዚያ ነው።

በሐይቁ ዳርቻ ያለው ነገር በመጠኑ ይለያል። በ1996 በባሕር ዳር የዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ወለል ከተፈጥሮ ዝናብ በተጨማሪ በመብራት ፍላጎትም የሚወሰን ሆነ። በ2003 ወለሉ ለመርከብ ጉዞ ከሚያስፈልገው 1785 ሜትር በታች ወርዶ ጀልባዎች ለወራት ሲቆሙ፣ ሰፊ የደንገል ቦታ ደረቀ፤ ከውሃ ውጭ የቀረው ባሕር ሸሽ መሬትም ወዲያው ታረሰ። ሐይቁ ከዚያ በኋላ ተመልሷል፤ ደንገሉ ግን በተመለሰው ውሃ ልክ አልተመለሰም። ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ደንገል ፍለጋ ከቀድሞው ይበልጥ መራቅ አለባቸው። ደንገል ከወንዝ የሚመጣውን ደለል አጣርቶ የሚያስቀር እንደመሆኑ፣ የባሕር ሸሽ ገበሬ ለሞተሩ ወንፊት መደፈን ምክንያት የሚሆነውን ደለልና እምቦጭ በከፊል ራሱ ጠርቶታል ማለት ይቻላል።

ረግረግን ማድነቅ ግን ልክ አለው። ወባ በዚህ አገር የቆየ መከራ ነው፤ በ1958 በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ የተነሣው ወረርሽኝ 150000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ዝቅተኛ ውሃ ያለበት ሜዳ አጠገብ የሚኖር ሰው ውሃው ይጥፋልኝ ቢል የሚፈረድበት አይደለም። በ2006 ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ሲያፈናቅሉ የተደረገው የክትር ሥራ ጥያቄም ከዚያው ሰው የመጣ ነበር። ያም ሆኖ ጎርፉ የሚያርፍበት ኩሬ ታርሶ ሲያልቅ ጎርፉ የሚያርፈው ማሳ ላይ መሆኑ ግልጽ ነው።

ወደ መሣሪያው ልመለስና የቀሩትን ነጥቦች ላጠቃልል። አነሣሡ ቀላል ነው፤ ገመዱን አንድ ሁለቴ በመሳብ ይነሣል፣ በጠዋቱ ብርድ ግን አየር መዝጊያውን መጠቀም ያስፈልጋል። ድምፁ ከባድ ስለሆነ ሌሊት ማጠጣት ከጎረቤት ያጣላል። የሞተር ዘይቱን ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ መቀየር የሞተሩን ዕድሜ ያራዝማል፤ አቧራ በሚበዛባቸው በየካቲትና በመጋቢት ግን የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ይገባል። ፓምፑን ውሃ ሳይሞሉ ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም፤ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለው ማሸጊያ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ ውሃው በዘንጉ በኩል ይንጠባጠባል። እኛ የገዛንበት መደብር የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ብሎ ነበር፤ ማሸጊያው ሲያፈስ ግን ዋስትናው ሞተሩን እንጂ ፓምፑን አይጨምርም የሚል መልስ ተሰጠን። እንዲህ ያለው ጨዋታ በየመደብሩ የተለመደ ስለሆነ፣ ዋስትናው በደረሰኙ ላይ «ፓምፑን ጨምሮ» ተብሎ እንዲጻፍ መጠየቅ ይበጃል።

ከወንዝ፣ በተለይም ዓመቱን ሙሉ ከማይደርቅና ተራ ካለው ወንዝ፣ እስከ ግማሽ ሄክታር የሚያለማ ሰው ይህን ሞተር ከአምስት አራት ሰጥቼ እመክረዋለሁ። ለትንሽ የጓሮ ማሳ ባለ ሁለት ኢንቹ የውሃውን ግማሽ ያህል ስለሚሰጥ ይበቃል፣ በቤንዚንም ይቆጥባል። ከኩሬ ወይም ከረግረግ ዳር ለሚተክለው ግን ከአምስት ሁለት ነው የምሰጠው፤ መሣሪያው ሳይበላሽ ውሃው የሚያልቅበት ገዢ ገንዘቡን በሞተር ላይ ሳይሆን በኩሬው ላይ አውሏል። በዚያ ሁኔታ የሚሻለው ጎረቤታሞች ተሰብስበው አንድ ሞተር በጋራ ገዝተው፣ ኩሬው ከምን ከፍታ በታች እንዳይሳብ ከውሃ አባቱ ጋር ተስማምተው፣ የቱቦውን ጫፍ በዚያ ከፍታ ላይ በእንጨት ማሰር ነው፤ ውሃው ከዚያ ሲወርድ ፓምፑ አየር ስለሚስብ፣ ወዲያው ካላጠፉት ማሸጊያው ይቃጠላል፤ እንዲህ ሲሆን ማንም ሰው ከስምምነቱ በታች ሊስብ አይደፍርም። የመሳቢያ ቱቦው ሽቦ ያለበት፣ ቢያንስ 6 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ የሚታሰር ይሁን። ከታች ውሃ የሚይዘው ቫልቭም ከነሐስ ወይም ከብረት የተሠራ ይሁን፤ መደብሩ ትርፍ ማሸጊያና ጎሚኒ አብሮ የማያቀርብ ከሆነ ወደ ቀጣዩ መደብር መሄድ ይሻላል።